ነጭ የወጣው ጌሾ

«የኢትዮጵያውያኑ እንጨት ሞቷል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአራት መጋዝህን ይዘህ ና!»

ይህን የተናገረችው ሓቫ ናት፣ ለአትክልተኛው ለጋቢ፣ በስልክ። ስልኩ እንኳ ለወጉ ያህል ነው እንጂ በዚያ ድምፅዋ ብትጣራ ጋቢ ሮቫ ቴት ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቱ ሆኖ በመስኮት ይሰማት ነበር። ሓቫ የሕንፃው ኮሚቴ፣ በዕብራይስጥ ቫዓድ የሚባለው፣ ሊቀመንበር ናት፤ ጸሐፊም ናት፤ ሒሳብ ሹምም ናት። ሌላ አባል ስለሌለ ስብሰባው ቶሎ ያልቃል። በሁለተኛው ፎቅ፣ ልክ ከእሷ ራስ በላይ፣ ገበየሁ ሻዩን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ክው ብሎ ቀረ። እንጨት? ሞቷል? ጌሾውን እኮ ከቂርያት ጋት ከአንድ ወዳጁ ቤት በእርጎ ዕቃ አምጥቶ፣ ከቆሻሻ መጣያዎቹ ጎን ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጥግ ተክሎ፣ ሰባት ዓመት አጠጥቶ ያሳደገው ነው። እርግጥ ዘንድሮ በጋው ለብልቦታል፤ ከወደቡ በኩል የሚነፍሰው የባሕር ጨውም አለ፤ ቅጠሉ ጠውለግ፣ ቢጫ ቢጫ ብሏል። ገበየሁም ራሱ በነሐሴ ሙቀት ሲታይ ደህና ሰው አይመስልም፤ እስከ ዛሬ ግን መጋዝ የጠራበት የለም። ከሁሉ ያንገበገበው ደግሞ ያ «የኢትዮጵያውያኑ» የሚሉት ነገር ነው። በግቢው የሓቫ ሎሚ አለ፣ የሦስተኛ ፎቋ የኢላኒት ጽጌረዳ አለ፤ የእሱ ጌሾ ብቻ የአንድ ሕዝብ ንብረት ሆኖ አረፈው።

ሚስቱ አገሬ ጀርባዋን ሰጥታው ሰሃን ታጥባለች። እሷም ሰምታለች። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጆሮዋም ከእሱ ጆሮ ይሻላል፣ ዕብራይስጧም ለመጋዝና ለሰዓት ይበቃል። እጇ ለአፍታ ቆመ፤ ውሃው ብቻውን ወረደ። ገበየሁ አንድ ነገር ትለኝ ይሆን ብሎ ጠበቀ፤ እሷም ይለኝ ይሆን ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም። አልተባባሉም። ባልና ሚስቱ ከተነጋገሩ ልክ ሦስት ሳምንታቸው ነው። አገሬ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያላትን ጉዳይ የምትጨርሰው በእግዜር በኩል ነበር፤ ጣሪያውን ታይና «አምላኬ ሆይ፣ ለአንዳንድ ሰው ምሳው ድስቱ ውስጥ እንዳለ ንገርልኝ» ትላለች፤ ገበየሁም ጣሪያውን አይቶ «ጨው አንሶታል በልልኝ» ይላል። እግዜር በዚያ ሁለት ክፍልና ሳሎን ውስጥ ሰንበትም አላረፈ።

ጠቡ የካሜራ ጠብ ነው። ካሜራዋ የአገሬ ናት፤ ልጃቸው ኤፍራት ወታደር ሳለች ካጠራቀመችው የገዛችላት፣ መዳፍ የምታህል፣ ብርማ። ስልክ ፎቶ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ማንም አልነካትም፤ ቢሆንም በቡፌው መስታወት ውስጥ ዳንቴል ተነጥፎላት እንደ ክብር እንግዳ ትኖር ነበር። ገበየሁ ደግሞ በወደቡ ሃያ ስድስት ዓመት ኮንቴይነር ሲያስርና ሲፈታ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ ሲያጣ ይበላዋል። አንድ ቀን በስልኩ ላይ አንድ የማያውቀው ሰውዬ በማያውቀው ቋንቋ እየለፈለፈ ካሜራ ሲፈታ አየ። ቋንቋው አልገባውም፤ የእጅ ሥራ ግን ይገባዋል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግሞ አየው፤ ከሥሩ የተጻፈውን ዕብራይስጥ ፊደል እየቆጠረ አነበበው። የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፤ ኢንፍራሬድ ይሉታል። ጤነኛ ቅጠል ይህን ብርሃን አይወደውም፣ መልሶ ይወረውረዋል፤ እየሞተ ያለ ቅጠል ግን የመወርወሪያ አቅም ያጣል። ካሜራ ያን ብርሃን እንዳታይ ሆዷ ውስጥ አንዲት ስስ ብርጭቆ ተደርጎባታል። ብርጭቆዋን አውጥተህ ከፊቷ ጥቁር የፊልም ጫፍ ብትለጥፍባት፣ እኛ የምናየው ሁሉ ይጋረድና የተደበቀው ብርሃን ብቻ ይገባል። ያን ጊዜ ደህናው ቅጠል ጥጥ መስሎ ነጭ ይወጣል፤ የታመመው ይጠቁራል። ዘዴው ይኸው ነው።

አገሬ ገበያ ወጣ ስትል ካሜራዋን ከዳንቴሏ አነሣና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ያውም ከሥጋ ዕቃ ተለይቶ የወተት ዕቃ ብቻ በሚቀመጥበት በኩል፣ የመነጽር ብሎን በሚፈታባት ትንሽ ካቻቢቴ ፈታት። ያ በስልክ ያየው ለፍላፊ ምናልባት ነግሮት ይሆናል፤ እሱ ግን አልሰማም፤ ካሜራ ከጠፋችም በኋላ የፍላሿ ኤሌክትሪክ ሆዷ ውስጥ አድፍጦ ሰው ይጠብቃል። ጣቱን ሰደድ ሲያደርግ ጧ! አለችበት። «ሽማዕ ይስራኤል!» ብሎ ጸሎቱን ጠርቶ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሲነጠፍ አገሬ በሩን ከፈተች። ከነዘንቢሏ ቆመች። ባሏ ወለሉ ላይ፣ ካሜራዋ ጠረጴዛው ላይ ተበታትና፣ ከጎኗ ደግሞ የልጃቸው የአብዮት የባር ሚጽቫ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት በዓሉ፣ የፎቶ ነጋቲቭ በመቀስ ተቆርጦ። የቆረጠው ምንም ፎቶ የሌለበትን ጥቁር ጫፉን ነበር፤ ይህን እሷ አላወቀችም፤ እሱም ምላሱ ገና እየተርገበገበ ስለነበር አላስረዳም። «ሞተሃል?» አለችው። «አልሞትኩም» አላት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በእግዜር በኩል ነው።

ግን ምን ልበላችሁ፣ ካሜራዋ ሠራች! ገበየሁ በየረቡዕ ቀትር ላይ ከአንዲት ድንጋይ ላይ ቆሞ ጌሾውን ያነሣዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ጨለማ ነበር። ጨውን ከቅጠሉ አጠበለት፣ ውሃውን ከማለዳ በፊት ሥሩ ሥሩን አጠጣው፣ አፈሩን ኮተኮተው። በሁለተኛው ሳምንት ነጣ። በሦስተኛው፣ ዓይን ገና ቢጫ እያለ የሚሰድበው ጌሾ፣ ከሁለት ቅርንጫፍ በቀር ቦግ ብሎ ነጣ። ገበየሁ በዚያ ቀን ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ብቻውን ሳቀ። በዚህ አገር የተማረውን ሁሉ ያስተማረው ሰው አለ፤ የወደቡ አለቃ፣ የዕብራይስጥ አስተማሪ፣ የገዛ ልጆቹ። ይህችን ግን ብቻውን ነው ያገኛት። እስኪያገግም ታግሶ፣ ፎቶዎቹን አሳጥቦ፣ አገሬ ፊት ዘርግቶ «ካሜራሽን ያፈረስኳት ለዚህ ነው» ሊላት አስቦ ነበር። እንግዲህ ጌሾው ዛሬ በአራት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር በአሥር፣ ከተቆረጠ ያም ቀረ፤ የሚቀረው የተበላሸች ካሜራና የመንደር መሳቂያ መሆን ነው።

ሻዩን ሳይጨርስ ብድግ አለ። ለአገሬ «ጌሾው አልሞተም፤ ማስረጃ ላመጣ ነው፤ እስክመለስ እንዳይነካ» ማለት ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም ነበር። ኩራቱ አልፈቀደለትም፤ ጣሪያውን እንኳ አላየም። ካሜራዋን በፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ በሩን ዘጋው። ከበሩ ወዲያ «አምላኬ፣ የዓመታት ልፋቱ ሊቆረጥበት እሱ ሽርሽር ወጣ» ስትል ሰማት፤ ተመልሶ ሊያስረዳ አሰበ፤ እግሩ ግን ደረጃውን ጀምሮት ነበር።

ፎቶ ቤቱ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር የገበያ ማዕከል ከመድኃኒት መደብሩና ከፋላፈል ሻጩ መሐል የተሰነቀረ ነው። ሬቪታል የምትባለው ወጣት ሠራተኛ ሥዕሎቹን በስክሪኗ ላይ አየችና «ውይ፣ ሄርሞን ተራራ ወጥተህ ነበር? በረዶው እንዴት ያምራል!» አለች። «ጌሾ ነው» አላት። «እሱ የት ነው፣ ከሄርሞን ወዲያ?» «ከቆሻሻ መጣያው ጎን ነው።» ሬቪታል አንዴ እሱን አንዴ ስክሪኑን አየች፤ አዘነችለት መሰለኝ፣ «ካሜራህ ተበላሽታለች፤ አታስብ፣ ቀለሙን በነፃ አስተካክልልሃለሁ» አለችና አንድ ነገር ስትነካ ያ ሁሉ ንጣት ወደ አመድ ተለወጠ። «አትንኪው! ገደልሽው!» ብሎ ገበየሁ ሲጮህ፣ ለፓስፖርት ፎቶ ወረፋ የያዙ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ስለማይታየው ብርሃን፣ ስለ ስሷ ብርጭቆ፣ ጠላ ያለ ጌሾ ጠላ እንደማይባል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ሬቪታል በትዕግሥት ሰማችው። ሲጨርስ «ገብቶኛል» አለች፤ «ግን ውሃ ብታጠጣውስ?» ትልቁ ፎቶ አንዱ አሥራ ሁለት ሸቀል ነው፤ ሦስት አዘዘ፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለተኛው ላይ ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለ፤ ጠጋኝ እስኪመጣ ተብሎ ገበየሁ ከፋላፈሉ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ፈጀው። አልከፋውም። ጊዜውን የዕብራይስጥ ንግግሩን ሲለማመድበት ዋለ፤ ገቬረት ማለት ወይዘሮ ነው። «ገቬረት ሓቫ፣ በአክብሮት፣ ዓይን ይሳሳታል፤ ካሜራ አይዋሽም» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በአጠገቡ ያለፈ አንድ ፖሊስ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው።

ፎቶዎቹን በወፍራም ካኪ ፖስታ አቅፎ ወደ ሕንፃው ሲደርስ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። በሩ ላይ ብርሃነሽ ገጠመችው፤ ከጎን ካለው ሕንፃ የምትኖር፣ ልጇን ልትድር ጥድፊያ ላይ ያለች ሴት ናት። በሁለት እጇ ሁለት ትልልቅ ፌስታል አንጠልጥላለች፣ ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነዋል። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ልጄን እርስዎ ዳሯት ማለት ነው! ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ!» ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለችና ፌስታሎቹ ከበዷት፤ በዚያው ቀና ብላ ወደ ቤቷ ተጣደፈች። ገበየሁ ሴትዮዋን ምን ነካት እያለ በአፉ «ገቬረት ሓቫ፣ በአክብሮት» እያነበነበ ወደ ጓሮ ዞረ።

ጌሾው የለም። ማለቴ ግንዱ አለ፣ ቅርንጫፎቹም ቆመዋል፤ ቅጠል ግን አንድ፣ ለመድኃኒት የምትሆን አንዲት ቅጠል አልቀረችም። ከላይ እስከ ታች ሙልጭ ተደርጎ ተሸምጥጧል። ገበየሁ እጁ ከለመደው ነው መሰለኝ ካሜራዋን አውጥቶ አነሣው፤ በካሜራዋ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ውስጥ ጥቁር ቀንበጥ፣ ግራጫ ግንድ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ቀና ሲል የራሱን በረንዳ አየ። በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ እንደ አሞሌ ቋጠሮ ተንጠልጥሏል፤ ከአንሶላው ጫፍ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም አንደኛው የእሱ አይደለም፣ የሐኪም ብረት ነው።

ቤቱ ጌሾ ሆኖ ጠበቀው። ሶፋው ላይ አንሶላ፣ አንሶላው ላይ ጌሾ። አልጋው ላይ ጌሾ፣ የመተኮሻ ሰሌዳው ላይ ጌሾ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይቀር ፎጣ ተነጥፎ ጌሾ። ዜና አንባቢዋ ከቅጠል ሥር ሆና ታወራለች። አገሬ መሐል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንጨት እንጨቱን ትለቅማለች፤ ግማሹን ለብርሃነሽ ሰርግ ሰጥታለች፣ ይኼ ግማሹ ነው። ጣሪያውን አየችና «አምላኬ ሆይ፣ መጋዝ ከሚበላው ሰርገኛ ይጠጣው አልኩ፤ ይህ ጥፋት ነው?» ስትል ገበየሁ ፈነዳ።

«እግዜርን ተይው! እኔን አናግሪኝ! አልሞተም ብዬ ላስረዳላቸው ነበር እኮ፤ አሁን በምኔ ላስረዳ?»

ፖስታውን ቀደደና ሦስቱን ፎቶ ጌሾው ላይ ዘረገፈላት። አገሬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አንዱን አነሣች። ከዚያ ሁለተኛውን። የመጀመሪያው ላይ ግማሹ ጨለማ፣ የመጨረሻው ላይ ከሁለት ቅርንጫፍ በቀር ሁሉም ነጭ። ለምን ነጭ እንደሆነ የነገራት የለም፤ ቢሆንም ሰባት ዓመት የሸመጠጠችውን ዛፍ ቅርንጫፉን አጥታው አታውቅም፤ በጣቷ እየነካች ታየው ጀመር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋን ቃል ልትናገር አፏን ከፈት ስታደርግ፣ ከሥር የሓቫ ድምፅ መጣ፤ «ጋቢ! እዚህ ነው፣ ወዲህ፣ እንጨቱ!» ገበየሁ ፎቶዎቹን ከእጇ ነጥቆ ወረደ።

ሓቫ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ጋቢ ባለሞተር መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ ጓንቱን እያጠለቀ ነው። ሓቫ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሕግ አለኝ ባይ ናት። የኢንሹራንሱ ሰው ክረምቱ ሳይገባ የሞተ ዛፍ ሁሉ ይነሣ፣ ነፋስ ጥሎት ሰው ይጎዳል ብሏታል። ጌሾው የገበየሁን ደረት ቢያህል ነው፤ ቢወድቅ ድመት እንኳ ከእንቅልፏ አትነቃም፤ ይህን ግን የኢንሹራንሱ ሰው አልጻፈውም። «ሕያው ዛፍ አልነካም፣ የሞተ ዛፍ አላቆይም» አለች፤ «ሞቷል፤ ይኸው አንዲት ቅጠል የለውም።»

«ገቬረት ሓቫ፣ በአክብሮት» ብሎ ገበየሁ ጀመረ። ላቡ ይወርዳል። ፎቶዎቹን ሰጣት፣ የማይታየውን ብርሃን አስረዳት፣ የተለማመደውን አልዘለለም፤ «ዓይን ይሳሳታል፤ ካሜራ አይዋሽም!» የሚለውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አላት። ሓቫ መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን አገላበጠች። «ይሄ ያለፈ ሳምንት ነው» አለች። «ካሜራህ የማይዋሽ ከሆነ አሁን አንሣው። እዚሁ፣ ፊቴ።»

በል እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን ባትሪ አልቋል ይል ነበር። ገበየሁ ግን ስለ ካሜራዋ ዛሬ ለሬቪታል፣ ለአግዳሚውና ለፖሊሱ ሳይቀር መስክሮላታል፤ አሁን ሊከዳት አልሆነለትም። አነሣ። ሓቫ በትከሻው በኩል ብቅ ብላ አየች። ጌሾው የተቃጠለ ሽቦ ይመስላል፤ ከበስተኋላው የሓቫ ሎሚ በዚያ ሁሉ ጥጥ መሳይ ንጣቱ ግቢውን ሞልቶታል። «ሎሚዬን! ሎሚዬን እዩልኝ!» ብላ ሓቫ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ «እንዴት ያለች ጥሩ ካሜራ ናት! እውነትህን ነው፣ አትዋሽም። በል ጋቢ፣ ቁረጠው።» ጋቢ የመጋዙን ገመድ ሳበ። ሞተሩ ተንጣጣና ጠፋ። እንደገና ሳበ፤ ተነሣ። ገበየሁ ካሜራዋን ጨብጦ ቆመ፤ በጌሾ ሊያለቅስ መሆኑ አሳፈረው።

«አቁም! አኒ! እኔ ነኝ!»

አገሬ በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ እሷም በጥቁር የቤት ቀሚሷ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ የአንሶላውን አራት ጫፍ በአንድ እጇ ይዛ ከደረጃው ወጣች። ሓቫ እግር ሥር ስትዘረግፈው ጌሾው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። «ቅጠሉን እኔ ነኝ የወሰድኩት! ዛሬ ጠዋት! ለሰርግ!» አለች በዚያች ባላት ዕብራይስጥ። ጋቢ ሞተሩን አጠፋ። ገበየሁ ክምሩን በካሜራዋ አነሣው፤ በትንሿ መስታወት ውስጥ የተነደፈ ጥጥ መስሎ ወጣ። ሓቫ መጀመሪያ የጠየቀችው የማን ሰርግ እንደሆነ ነው፤ ከተነገራት በኋላ ማዘል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ብላ ወደ ሕጓ ተመለሰች። «ቅጠል ከየትም ይለቀማል። ግንዱን ነው የምጠይቀው፤ ግንዱ ሞቷል።»

አገሬ ምላሷን ጠቅ አደረገች። ጌሾው ሥር ቁጢጥ ብላ የአውራ ጣቷን ጥፍር ግንዱ ላይ አሳርፋ ልጡን ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ አረንጓዴ ነው፤ እርጥብ፣ ጉልህ አረንጓዴ። ጋቢም ጓንቱን አውልቆ ቁጢጥ አለና በራሱ ጥፍር ሌላ ቦታ ፋቀ፤ አሸተተው። «ሓቫ፣ ይሄ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው። በሁለት ሳምንት መልሶ ያቆጠቁጣል» ብሎ መጋዙን አነሣና ወደ መኪናው አመራ።

ገበየሁ ጥፍሯን አየ። ሦስት ሳምንት፣ የፈረሰች ካሜራ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ሠላሳ ስድስት ሸቀል።

«ይህን ታውቂ ኖሯል?» አላት።

«ታዲያ እንዴት አላውቅ?»

«በየሳምንቱ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሳነሣ እያየሽኝ?»

«አልጠየቅኸኝማ!»

«አለመሞቱን ካወቅሽ ለምን ሸመጠጥሽው ታዲያ?»

አገሬ ቅጠሉን ወደ አንሶላው መመለስ ጀመረች። «ለመቁረጥማ ቆርጠዋል፤ ሞተ አልሞተ ብሎ እኛን ማን ይጠይቀናል ብዬ ነዋ» አለች፤ ቀና ሳትል። ገበየሁ ቁጭ ብሎ አብሯት ይሰበስብ ጀመር። ተናዷል፤ አፍሯልም፤ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ከሁሉ በላይ ደስ ብሎታል። አናግራዋለች እኮ! ከዚያ በላይ ብትቆጣውም ቆሞ የሚሰማ ሰው ነበር።

ሓቫ ዞራ ልትገባ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። ለኢንሹራንሱም ለጎረቤቱም ማስረጃ ያስፈልጋል አለች። ዋናው ግን ሌላ ነበር፤ ሻሿን አስተካከለች፣ ጉንጯን በመዳፏ ዳበስ አደረገች። «በዚህች በረዶ አስመሳይ ካሜራ አንሣኝ» አለችው ለገበየሁ፤ «ሎሚዬን እንዳሳመርከው።» ጌሾው አጠገብ ቆመች። አገሬም አንሶላውን ጣል አድርጋ ከጎኗ ሄዳ ቆመች፤ ማንም አልጠራትም፤ ቅጠሉ የእሷ ነው፣ ግንዱን የፋቀችው እሷ ናት፣ ካሜራዋም የእሷ ናት። ገበየሁ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ አነሣቸው። ሓቫ ካሜራዋን ተቀብላ መስታወቷን በስልኳ ፎቶ አነሣችና ለሕንፃው የዋትሳፕ ቡድን «ተክሉ ሕያው ነው። ቫዓድ» ብላ ላከችው። ከየበረንዳው የስልክ ጩኸት ተሰማ፤ አንዱ ከሦስተኛ፣ አንዱ ከአምስተኛ። የአራተኛ ፎቁ ናፍታሊ፣ ደረጃ ላይ ሰላም ሲሉት ግድግዳ የሚያየው ሰውዬ፣ ከሁሉ ቀድሞ መለሰ።

«ሓቫ፣ እህት እንዳለሽ አላወቅንም።»

ሓቫ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። ሁለት አሮጊቶች፣ ሁለት ነጭ ሻሽ፤ ጥቁሮቹ ቀሚሶች እንኳ ነጥተዋል፤ ሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት፣ ልሙጥ፣ ሊጥ መሳይ። ቀና ብላ አገሬን አየች፤ የራሷን ነጣ ያለ ክንድ አየች፤ ደግማ ፎቶውን አየች። ገበየሁ ናፍታሊ ያለውን ለአገሬ በአማርኛ ሲነግራት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። ሓቫ ልትመልስለት አውራ ጣቷን አሰናዳች፤ አንድ ፊደል መታች፤ አጠፋችው። ከዚያ ወደ አገሬ ዞረች።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ደረጃ የወጡ የወረዱ ናቸው። አገሬ ስሟን ነገረቻት። ሓቫ በጥሞና ደገመችው፤ አልሆነም፤ አገሬ አረመቻት፤ እንደገና አለችው። ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ በአንድ ጣቷ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ለናፍታሊ መልሱን መጻፍ ያዘች። አገሬ የማታነበውን ጽሑፍ ለማየት በትከሻዋ ላይ ደገፍ አለችና ወደ ባሏ ዞር ብላ፦

«ቀጭኗ እኔ መሆኔንም አስጨምርልኝ» አለችው።